የብርሃን ብርዕ

በይፋግና በዙሪያዋ ባሉት አድባራት አጠገብ ያደግን ሰዎች፥ መጽሐፍ የሚጀምረው ከቆዳ መሆኑን በልጅነታችን አይተናል። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ በውሃ ዘፍዝፎ ካለሰለሰ በኋላ በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ በጠፍር ይወጥረዋል፤ ከውስጥ በኩል ሥጋውንና ስቡን፥ ከውጭ በኩል ጠጕሩን እየፋቀ ያወርዳል፤ በድንጋይ ያለሰልሰዋል፤ እንደ ተወጠረ በፀሐይ ያደርቀዋል። ከዚያም ጸሐፊው ይረከበዋል። ጸሐፊውም ቢሆን ብርዑን ወዲያው አያነሣም፤ አስቀድሞ ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፥ ከነቍጥ እስከ ነቍጥም ቀለም የሌለው መስመር ያሰምራል። ይህ መስመር አይነበብም። መስመር ባልተሰመረበት ብራና ላይ የተጻፈ ፊደል ግን ወዴት እንደሚጋደም ብርዕ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

ከፍየሉ ቆዳ የቀረው ነገር ምንድን ነው? ሥጋው ወርዷል፥ ደሙ ታጥቧል፥ በቆዳው ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ሕያዋን ሕዋሳትም ከፍየሉ ጋር ሞተዋል። የቀረው ኮላጅን የሚባለው የጭረት መረብ ነው። ይህንም መረብ ፍየሉ በሕይወት ሳለ ሕዋሳቱ ራሳቸው ፈትለው፥ ራሳቸው ሸምነው፥ ሲኖሩበት ቈይተዋል። ስለዚህ ብራና ነዋሪዎቹ የለቀቁት ቤት ነው ብንል አላጋነንንም። አባቶቻችን ሕዋስ የሚባል ነገር መኖሩን ያውቁ ነበር ለማለት አይደለም፤ አያውቁም ነበር፥ ለሥራቸውም አላስፈለጋቸውም። ይህን ማስቀደማችን በዘመናችን ያሉ ጥበበኞች የሚደክሙበት ሥራ ከብራና ፋቂው ሥራ ጋር ተገላቢጦሽ ስለ ሆነ ነው። ብራና ፋቂው ነዋሪዎቹን አስወጥቶ ቤቱን ያስቀራል፤ እነዚህ ደግሞ ቤቱን አስቀድመው ሠርተው ነዋሪዎቹን ይጠራሉ። ቤቱንም የሚሠሩት በብርሃን ነው።

ስለዚህ ጕዳይ እንድንጽፍ ያነሣሣችን አንዲት እናት ናት። ልጇ በትምህርት ቤታችን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፥ ገና መሄድ በጀመረችበት ወራት ከምድጃው ላይ ወድቃ ቀኝ እጇን እሳት በልቷታል። ቍስሉ ዳነ፤ ዳነ የተባለው ግን ጠባሳው አራቱን ጣቶች ወደ መዳፏ አጥፎ ከያዘ በኋላ ነው። ልጅቱ ዛሬ በግራ እጇ ትጽፋለች፥ ጽሕፈቷም ከብዙዎቹ ባለ ቀኝ እጆች ይሻላል። እናትየዋ በአንድ የገበያ ቀን አጎቷን ቄሱን አስከትላ ወደ ትምህርት ቤት መጣች። ትምህርታችንን በድቁና ስለ ጀመርን የሠፈሩ ሰው ዛሬም የኔታ ይለናል።

«የኔታ፥ በውጭ አገር የሰው ሥጋ በመኪና ይታተማል ሲባል በራዲዮ ሰማሁ» አለችን። «እውነት ከሆነ ለልጄ ጣት የሚሆን አይገኝም ወይ? ውሸት ከሆነም ይንገሩኝ፥ ልቤ በከንቱ እንዳይንከራተት።»

ሽማግሌው ቄስ ግን ከእርሷ ቀድመው ሌላ ነገር ያሰላስሉ ኖሮ፥ «ልጄ፥ ሥጋን መሥራት የማን እንደ ሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ ሰው እዚህ ውስጥ ምን አገባው?» አሉን።

ሁለቱም ጥያቄዎች በገበያ ቀን ቆሞ የሚመለሱ አይደሉም። እኛም የምናውቀውን ያኽል ከሥሩ ጀምረን በዚህ እንጽፋለን፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሌሎች ቤቶችም ሳይነሣ አይቀርምና። የውጭውን አገር ነገር ስንጽፍ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ሰውነታችን የተሠራው ከሕዋሳት ነው። አንዱ ሕዋስ በአማካይ ከሚሊ ሜትር ከሺህ እጅ ከዐሥር እስከ ሃያው እጅ ቢሆን ነው፤ ይህንኑ የሚሊ ሜትር ሺሕኛ እጅ ሊቃውንቱ ማይክሮ ሜትር ይሉታል። ከጠጕራችን የአንዱ ውፍረት ወደ መቶ ማይክሮ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ከደም ሕዋሳት በቀር አብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት በባዶ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፈው መኖር አይችሉም፤ የሚጨብጡት ነገር ከጠፋ ይሞታሉ። ጭቃ ቤት ስንሠራ ቋሚው ሳይተከል፥ ማገሩ ሳይማገር ጭቃው ብቻውን ግድግዳ ሆኖ አይቆምም። ለሕዋሳትም ቋሚና ማገር የሚሆናቸውን መረብ እኛ በዚህ ጽሑፍ ርብራብ ብለን እንጠራዋለን።

የእሳት ቃጠሎ ሲደርስ የሚጠፋው ቆዳው ብቻ አይደለም፥ ርብራቡም አብሮ ይጠፋል። የላይኛው ስስ ክፍል ብቻ ከተለበለበ ከሥር የቀሩት ሕዋሳት በቀናት ውስጥ መልሰው ይሸፍኑታል። እሳቱ ወደ ጥልቅ ከዘለቀ ግን ሰውነት ቍስሉን ለመዝጋት ይቸኩላል፤ በችኮላ የሚዘረጋው ጭረትም እንደ ጥሩ ሸማ ድርና ማግ ኖሮት የተሸመነ ሳይሆን በአንድ ወገን የተጐተተ ገመድ ይመስላል። ጠባሳ የምንለው ይህ ነው። ልጅ ሲያድግ አጥንቱ ይረዝማል፥ ጠባሳው ግን አብሮ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጣቱን ይዞ ያጥፈዋል።

ይህን ለመርዳት ሰዎች ከተነሡ ቈይተዋል። በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ ሃዋርድ ግሪን የሚባሉ ሊቅ ከረዳታቸው ከጄምስ ራይንዋልድ ጋር ሆነው የሰውን የላይኛ ቆዳ ሕዋሳት ከሰውነት ውጭ በሳሕን ላይ ማራባት ቻሉ። በ1981 ዓ.ም. ጆን በርክና ዮአኒስ ያናስ የተባሉት፥ አንዱ የቀዶ ጥገና ሐኪም ሌላው የምሕንድስና መምህር፥ ከከብት ከተገኘ ኮላጅንና ከሻርክ ዓሣ ለስላሳ አጥንት ከወጣ ነገር የስፖንጅ ዓይነት ርብራብ ሠርተው በተቃጠሉ ሕሙማን ላይ መዋሉን አስታወቁ። የታካሚው የራሱ ሕዋሳት ወደዚያ ርብራብ ገብተው ይሰፍሩበታል፤ የመጀመሪያው ርብራብም ቀስ በቀስ ይሟሟል፥ በፋንታውም የራሱ መረብ ይተካል። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 95 እጅ የሚበልጠው ሰውነታቸው የተቃጠለባቸው ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች በቦስተን ከተማ ታከሙ። ሐኪሞቹ እሳት ካልነካው ከብብታቸው ጥቂት ቆዳ ወስደው፥ ሕዋሱን በሳሕን ላይ አራብተው መልሰው አለበሷቸው፤ ልጆቹም ከሞት ተረፉ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ይተርፋል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም።

ነገር ግን በሳሕን የበቀለው ቆዳ ስስ ነው፥ በቀላሉ ይላጣል፤ ላብ አያልብም፥ ጠጕርም አያበቅልም። ምክንያቱም ትክክለኛው ቆዳ ሜዳ አይደለም። ከላይኛው ክፍልና ከታችኛው ክፍል መካከል እንደ እርሻ ትልም ያለ ጕብታና ስርጕድ አለ፤ ሁለቱን አጣብቆ የሚይዛቸው፥ ዘር የሚሆኑትንም ሕዋሳት የሚያስጠጋቸው ያ ነው። ስፖንጁ ቀዳዳው የትም ይሁን የት፥ እንደ ወጣለት ነው። ቀዳዳውን በዚህ፥ ትልሙን በዚያ፥ የደሙን መንገድ በወዲያ አድርጎ በሕዋስ ልክ ሊሠራ የሚችል እጅ ግን አልነበረም። ከወስፌም ከመርፌም የሚቀጥን መሣሪያ አስፈለገ።

መሣሪያው የተገኘው ከብርሃን ነው፤ የተገኘበትም ታሪክ ደስ ይላል። ማሪያ ጎፐርት ማየር የተባለች ጀርመናዊት ለዶክትርና ጽፋው በ1931 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፍ፥ አንድ ንጥረ ነገር ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን በአንድ ቅጽበት አብሮ ሊቀበል እንደሚችል በሒሳብ አሳየች። በሙከራ ማየት ግን አልተቻለም፥ ያን ያኽል የታመቀ ብርሃን በምድር ላይ አልነበረምና። ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር የሠራው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ በዓመቱ በ1961 ዓ.ም. ሴትዮዋ በወረቀት ያለችው ነገር በዓይን ታየ። ሠላሳ ዓመት ማለት ነው። እርሷ በእነዚህ ዓመታት ልጆች አሳድጋ፥ ብዙውንም ጊዜ ያለ ደመወዝ በየዩኒቨርሲቲው ሠርታ፥ በ1963 ዓ.ም. ስለ አቶም እንብርት ባደረገችው ሌላ ጥናት የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ይህን ለሴቶች ተማሪዎቻችን ስንነግራቸው ከሌዘሩ ይልቅ ስለ ደመወዙ የጠየቁን ይበዛሉ።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ብርሃን ሲነካው የሚጠጥር ፈሳሽ አለ፤ የጥርስ ሐኪሞችም ቀዳዳ ለመሙላት የዚህን ዘመድ ይጠቀማሉ። ተራ ብርሃን ቢያበሩበት ጨረሩ ባለፈበት ሁሉ ይጠጥራል፤ ከላይ ሳይጠጥር ውስጡን ብቻ ማጠጠር አይቻልም። በየገጠሩ የታወቀ ልማድ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ሁለት ቍልፍ ይኖረዋል፥ ቍልፎቹም በሁለት ሰዎች እጅ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ካልተገኙ በሩ አይከፈትም። የሌዘሩም ነገር ይህንኑ ይመስላል። ጥበበኞቹ ከቀይ ቀለም ወዲያ ያለውን፥ ዓይን የማያየውን ብርሃን ይመርጣሉ። የዚህ ብርሃን አንዱ ቅንጣት ፈሳሹን ለማጠጠር ከሚያስፈልገው ጕልበት ግማሹን ያኽል ብቻ ይዟል፤ ብቻውን ቢመጣ ምንም ሳያደርግ ያልፋል። ሁለቱ በአንድ ቦታ በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ ግን በሩ ይከፈታል፥ ያች ነቍጥ ትጠጥራለች። ይህ መገናኘት የሚሆነው ጨረሩ በአጉሊ መነጽር ተሰብስቦ እጅግ በጠበበበት ቦታ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከነቍጡ በላይም በታችም ያለው ፈሳሽ እንደ ነበረ ይቀራል። ስለዚህ ሠሪው እጁን ሳያስገባ በፈሳሹ ሆድ ውስጥ ይጽፋል።

ቅንጣቶቹ እንዲጨናነቁ ብርሃኑ በፋታ በፋታ ይተኰሳል። አንዱ ተኵስ የሚቈየው መቶ ፌምቶ ሰከንድ ያኽል ነው። አንድ ፌምቶ ሰከንድ ለአንድ ሰከንድ ያለው መጠን፥ አንድ ሰከንድ ለ32 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካለው መጠን ጋር ይተካከላል። በአንድ ሰከንድ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ብርሃን በዚህ ተኵስ ውስጥ የሚራመደው የጠጕር ውፍረት ሲሶውን ነው።

በዚህ መንገድ ሦስት ገጽታ ያለው ቅርጽ መሥራት እንደሚቻል በ1997 ዓ.ም. የጃፓኖቹ ሾጂ ማሩኦ፥ ኦሳሙ ናካሙራና ሳቶሺ ካዋታ አሳዩ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ካዋታና ባልደረቦቹ በኦሳካ የአንድ በሬ ሐውልት ሠሩ፤ ርዝመቱ ዐሥር ማይክሮ ሜትር፥ ቁመቱ ሰባት፥ ማለትም ከአንዲት ቀይ የደም ሕዋስ እምብዛም አይበልጥም። ቀንዱም ጅራቱም በደንብ ይታያል። የፎገራን ከብት ለምናውቅ ለኛ በሬ በዚህ መጠን መሠራቱ ትንሽ አስቆን ነበር። ከእኛው ደጅ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ሲፈስ፥ የእጅ ጥበብ ክብር በግዙፍነት ይለካ ነበር፤ ዘመኑ ተለውጦ ዛሬ በማነስ መወዳደር መጣ። በ2012 ዓ.ም. በኦስትሪያ በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ 285 ማይክሮ ሜትር የሚረዝም የእሽቅድምድም መኪና ቅርጽ በአራት ደቂቃ ሠርተው አሳይተዋል። የሚያስደንቀው መኪናው ሳይሆን አራት ደቂቃው ነው፤ ቀድሞ ሥራው እጅግ አዝጋሚ ነበርና።

በሬና መኪና መሥራቱ የብርዕ መሞከሪያ ነው፤ ቁም ጸሐፊም አዲስ ብርዕ ሲቀርጽ በብራናው ኅዳግ ላይ ጥቂት ይሞክራል። ዋናው ሥራ ርብራቡ ነው። ሠሪው በኮምፒውተር ላይ የርብራቡን ንድፍ ያወጣል፤ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ በብርጭቆ ላይ ያኖራል፤ ጨረሩ ነቍጥ በነቍጥ፥ መስመር በመስመር፥ ደርብ በደርብ ይጽፋል። ከዚያ ያልጠጠረው ፈሳሽ ታጥቦ ይወገዳል፤ አጥብቆ ማጠብ ያስፈልጋል፥ ቅሪቱ ሕዋስን ይመርዛልና። የቀረው ጥቃቅን መስኮት ያለው ርብራብ ነው። በላዩ ላይ ሕያዋን ሕዋሳት ከምግባቸው ጋር ይፈስሱበታል፤ እንደ ሰው ገላ ሙቀት በ37 ዲግሪ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ሠሪው የሚያደርገው ብዙ የለም። ሕዋሳቱ ራሳቸው ይወጣሉ፥ ይጨብጣሉ፥ ይከፋፈላሉ፥ የራሳቸውንም መረብ መፍተል ይጀምራሉ። ርብራቡ ከሰው ሠራሽ ሙጫ ብቻ አይሠራም፤ ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ ከሚወጣው ከጄላቲንም በአውሮፓ በሌዘር ተሠርቷል። ጄላቲን ማለት የተፈታ ኮላጅን ስለ ሆነ፥ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ብራና ፋቂው ደጅ መጣ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው በ2006 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ ነው። ከመቅን የተወሰዱ፥ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸው አንድ ዓይነት ሕዋሳት ተወስደው በተለያዩ ምንጣፎች ላይ ተዘሩ። እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ የተዘሩት የነርቭ ሕዋስ መልክ ያዙ፤ እንደ ጡንቻ ጠንከር ባለው ላይ የተዘሩት ወደ ጡንቻ አዘነበሉ፤ እንደ ለጋ አጥንት በጠነከረው ላይ የተዘሩት ወደ አጥንት። ሕዋሱ የቆመበትን እየዳሰሰ ምን እንደሚሆን ይወስናል ማለት ነው። ይህን ባነበብን ማግስት ስልሳ ልጆች በሚታጨቁበት ክፍላችን ገብተን አግዳሚ ወንበሮቹን ለብዙ ጊዜ ተመለከትናቸው። መምህር የሆነ ሰው ከዚህ ሐሳብ መሸሽ አይቻለውም፤ እዚህ ላይ ግን እንተወው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ቄስ ጥያቄ እንመለስ። ራዲዮው «ሥጋ ይታተማል» ሲል ቃሉ ከነገሩ ቀደመ። የሚታተመው ርብራቡ ነው። በርብራቡ ላይ የሚሰፍረው ሕዋስ ግን ከሰው የተወሰደ ነው፤ የዚያ ሰው ሕዋስ ከእናት ከአባቱ፥ የእነርሱም ከወላጆቻቸው ሳይቋረጥ የመጣ ነው። ከሕያው ሕዋስ በቀር ሕያው ሕዋስ ያስገኘ መሣሪያ እስከ ዛሬ የለም። ይህን ለቄሱ ስንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ቈይተው፥ «እንግዲያስ ቤቱን ቢሠሩ እንግዳውን አልፈጠሩትም ማለት ነዋ» አሉን። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍ አላገኘንም። ነገር ግን ሕዋሱ የማን ነው፥ በማን ፈቃድ ተወሰደ የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ ይህንም መጠየቅ ተገቢ ነው። በአገራችን የዓይን ባንክ ከተቋቋመ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ሰዎች ከሞታቸው በኋላ የዓይናቸው ብሌን ጠርዝ መስተዋት ለሌላ ሰው እንዲሆን በሕይወት ሳሉ ቃል ሲገቡ ኖረዋል፤ ቃል ከገቡት አንዱ ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ያም መስተዋት ከኮላጅን የተሠራ ነው። ከሰው ለሰው የሚሰጥ ነገር መስጠት ሲሆን እንጂ መነጠቅ ሲሆን አያምርም።

የእናትየዋ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ እርሷ የጠየቀችው ስለ ልጇ ጣት ነውና። በሰሌዳ ላይ አንድ ስሌት አሳየናት። የቪየናውን መኪና ወስደን፥ ርዝመቱን ወርዱም አድርገን ብንቈጥረው፥ አንድ ሳንቲ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር ቦታ ለመሙላት ሠላሳ አምስት ጊዜ ሠላሳ አምስት፥ 1,225 መኪና ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አራት ደቂቃ ሲፈጅ 4,900 ደቂቃ፥ ከሦስት ቀንና ከሦስት ሌሊት በላይ ይሆናል። አምሳ እንዲህ ያለ ቦታ የሚሆን የልጅ መዳፍ ለመሸፈን ያለ ዕረፍት ከአምስት ወር በላይ። ያውም ከሲሶ ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ ውፍረት ነው። ዛሬ ከዚያ በብዙ የሚፈጥኑ መሣሪያዎች አሉ፤ ቢሆንም ነገሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ሕዋስ ከደም ሥር ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ማይክሮ ሜትር ከራቀ አየርና ምግብ አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ወፍራም ሥጋ ለማብቀል ደሙ የሚሄድበት መንገድ ከሥጋው ጋር አብሮ መሠራት አለበት፤ ይህም ገና እየተለፋበት ያለ ሥራ ነው። በሌዘር ብርዕ የተጻፉት ርብራቦች አሁን በይበልጥ የሚያገለግሉት በቤተ ሙከራ ውስጥ የሕዋስን ጠባይ ለማጥናትና መድኃኒት ለመፈተን ነው። ጣት አይታተምም። ይህን በግልጥ ነገርናት። አላለቀሰችም፤ «እንግዲህ ቁርጡን ዐወቅሁ» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

እኛ ግን ነገሩ በዚህ እንዲያበቃ አልፈለግንም፤ ለዚህች ልጅ የሚሆነው ሕክምና ከሌዘሩ በፊት የነበረ ነውና። ጣትን ያጠፈ ጠባሳ በቀዶ ጥገና ይፈታል፤ በተከፈተው ቦታ ላይ ከጭኗ ወይም ከሌላ ስፍራ የተወሰደ የራሷ ቆዳ ይለጠፋል፤ ከዚያም ጣቱ ተመልሶ እንዳይታጠፍ ለወራት በመደገፊያና በማፍታታት ይረዳል። ይህ ሕክምና በአገራችን ይሰጣል፤ በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ለቃጠሎ የተለየ ክፍል ያለው ሲሆን፥ የቆዳና የመልሶ ማስተካከል ሐኪሞች በሌሎችም ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ብዙ የገጠር ቤተሰብ ግን ቍስሉ ከደረቀ በኋላ ሕክምና ያለው አይመስለውም፤ «ዳነ» ይልና ይተወዋል። የራዲዮው ወሬ አንድ ጥቅም ቢኖረው ይህችን እናት ከቤቷ ማስነሣቱ ነው።

ስለ ምድጃም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ጕልቻችን ከመሬት ነው፥ ሕፃንም የሚድኸው በመሬት ነው። እሳቱን ከፍ ባለ መደብ ላይ ማድረግ ወይም በዙሪያው አነስተኛ አጥር ማበጀት ከአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ብቻውን እሳት ዳር እንዳይቀመጥ መጠበቅ፥ ለበሽታውም የሐኪም መድኃኒት ሳያቋርጥ እንዲወስድ ማድረግ ይገባል። ቃጠሎ ሲደርስ ቅቤ፥ እበት፥ ሊጥ፥ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ እነዚህ ሙቀቱን ወደ ውስጥ አምቀው ይይዛሉ፥ ቍስሉንም ያመረቅዛሉ። ያለ መዘግየት ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ያኽል ማፍሰስ፥ ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት ማውለቅ፥ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ሕፃን ከሆነ ከውሃው በኋላ የቀረው ገላው እንዳይበርደው መሸፈን ያስፈልጋል። ሃያው ደቂቃ ረጅም መስሎ ይታያል፤ ከሥር ያለውን መረብ ከመጥፋት የሚያድነው ግን እርሱ ሊሆን ይችላል።

ልጅቱን ያየው ሐኪም ጣቶቿ ሊፈቱ እንደሚችሉ፥ ከትንሿ ጣት መገጣጠሚያ በቀር አጥንቱ ደኅና መሆኑን ነግሯቸዋል። ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ነው። አጎቷ ቄሱ አብረው ይሄዳሉ፤ እኛም ከትምህርት ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ጽፈን፥ የቀረባትን ትምህርት ተኝታ የምታጠናበት ደብተር አዘጋጅተናል። ደብተሩን ስንሰጣት በየትኛው እጇ እንድትጽፍበት ጠየቀችን።